ሐረጎ ግርጌ

ከደሴ ስትወርድ፣ ጉሙ ሲለቅህ፣
የኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ ሲቀበልህ፣
ጥምዝምዙ ሲያልቅ፣ ፍሬኑ ሲሸት፣
በስተግራ አለች አንዲት አሮጌ ቤት።
ስም ነበራት ድሮ፤ ዝናብ አጥቦት ለቆ
"ሆቴል" የሚለው ቀርቷል፣ የፊተኛው ተፍቆ።
እኛ ግን፣ የአሰብ መስመር ሾፌሮች ሁላችን፣
"ደርበው ጋ" እንላለን፤ በቃ፣ ያ ነው ስማችን።

ሁለት ምድጃ ነበር፣ ጀርባ ለጀርባ፤
በየበሩ ነበር ሥጋው የሚገባ።
የጌጤ በግራ፣ የዘሀራ በቀኝ፣
ቢላው ከቢላው ጋር አንድ ቀን ሳይገናኝ
ሃያ ዓመት ኖረዋል።
ጨው ግን ይዋዋሱ ነበር፣
ሽንኩርት ይዋዋሱ፣ ወሬ ሲጠፋ ነገር።

ገበታው አንድ ነው፤ ረጅም፣ የዋንዛ፣
ለተሰበረ እግሩ ባሌስትራ የተገዛ።
ወንበሩ ይወጋል፣ ግድግዳው ጠቆረ፣
ካላንደሩም ሐምሌ ላይ ቆሞ ቀረ።

ደርበው ራሱ ነው የሚያስተናግደው፣
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ፎጣ ከትከሻው።
"ምን አለ?" ስትለው ዝም ብሎ ያይሃል፣
ከየት እንደመጣህ ከጎማህ ያነብባል።
"ከሚሌ ነህ" ይላል፤ "ሙቀት መትቶሃል፣
ቅቅል አይሆንህም፣ ብርዝ ይሻልሃል።"
ከላይ ለመጣማ፣ ጣቱ ለደነዘዘ፣
ቅቅል ነው፤ ሳይናገር ቀድሞ የታዘዘ።
ፓስታም ነበረው፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ፣
በእንጀራ የምንጠቀልለው፣ በሚጥሚጣ ያበደ።

አንድ የነሐሴ ማታ፣ ፍልሰታ ሊፈታ
ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐረጎ ተረታ፤
አፈሩ ከነዛፉ መንገዱ ላይ ተኛ፣
አውቶቡሶቹ ከላይ፣ ከታች ደግሞ እኛ።
ሰው በእግሩ ወረደ፣ ጭቃ እየማሰ፤
አንድ ዳኛ ነበር፣ መዝገቡ የራሰ፣
ሁለት ዲያቆናት፣ አንድ ሼህ ከነልጃቸው፣
የጨርቃጨርቅ ልጆች ፈረቃ ያለፋቸው።
አርባ ሰው፣ ሃያ ወንበር። ደርበው ቆጠረ፤
እርሳሱን አወረደ፣ መልሶ ሰደረ።
የጌጤ ድስት ቀዝቅዟል፤ ጾም ነው፣ ምን ይሠራል፣
የዘሀራም ሥጋ ለስምንት ይበቃል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
ማንም ማንንም አያይም።

ጌጤ ብድግ አለች። ወደ ዘሀራ በር
ገባች፤ ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም ነበር።
"አዲሱን ድስት ስጪኝ፣ ሥጋ ያልነካውን።"
ዘሀራ አወረደች፣ ለዒድ ያስቀመጠችውን።
የሽሮ ዱቄት ነበር፣ ግማሽ ማዳበሪያ፤
በርበሬው የዘሀራ፣ የጌጤ ቃሪያ።
ሥጋ "ማን ባረከኝ?" እያለ ያራራቀው፣
ሽሮ ማንንም ሳይጠይቅ ትከሻ አነካካው።
ሼሁ ቢስሚላህ አሉ፤ ዲያቆኑ አማተበ፤
ዳኛው ምንም አላለ፤ ብቻ፣ እንደተራበ፣
እጁን ሰደደ።

እውነቱን ልናገር፦ ጨው በዝቶበት ነበር፤
ታች በኩል አሯል፣ መሀሉ ጥሬ ነበር።
እኔም ሦስቴ አስጨምሬ፣
ሲነጋ ሳልከፍል ሄድኩ፣ መንገዱ ሲጠረግ በርሬ።

አሰብ ተዘጋ። መሪም ተውኩ። ዓይኔ ደከመ።
ባለፈው ጥር ወረድኩ፣ በልጄ መኪና፣
"እዚህ ጋ አቁም" አልኩት፣ "እዚህ ጋ፣ ቆይ እስቲ፣ ና።"
ደርበው የለም። ጌጤም የለች። ቢላዎቹ ብቻ
ሁለት ሚስማር ላይ፣ እንደ ድሮው ለየብቻ።
ከደጃፉ ጥግ ዘሀራ፣ ዓይኗ በሞራ፣
ድምፄን ሰምታ፦ "ከሚሌ ነህ?" አለች፤ እንደ ደርበው ተራ።
"አበሽር፣ ይመር!" አለች። ልጅቷን ጠራች፤
ልጅቷ ከሣጥን የዱቤ ደብተር አመጣች።
በእርሳስ፣ በደርበው እጅ፣ የደበዘዘ መስመር፦
"ይመር ሾፌሩ፣ ሦስት ብር ከስሙኒ።
ይከፍላል፣ ዝናብ ሲያባራ።"

ኪሴን ስዳብስ እጄን ያዘች።
"መች አባራና? ይልቅ ተቀመጥ፣ ብላ" አለች።

ውጪ ፀሐይ ነበር።